ፍጥነቱ ከየት መጣ? የጠመንጃና የአደን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ጥይት ፍጥነት ነው። ሰው ሁሉ በድንገት ቁጥር ወዳድ ሆኗል፤ ምክንያቱም ኪስ የምትገባ ፍጥነት መለኪያ ተሠርታ እንግዶች ይዘዋት መምጣት ጀምረዋል። አዲስ አንባቢ ካለ፣ እኔ የሥራ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ባሌና አርሲ ባሉ የአደን ካምፖች የእንግዶችን ጠመንጃ ስጠብቅ፣ ስጠርግና ስሞክር ነው። አሁን ሰንዳፋ ዳር ተቀምጬ ለእናንተ እመልሳለሁ። የማውቀው የጠመንጃውን ነገር ብቻ ነው። ስለ ቀንድ ርዝመትና ስለ ዋንጫ የምትጠይቁኝ ሌላ ሰው ፈልጉ።

«ጋሼ፣ የእህቴ ልጅ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፤ ሚዳቋ መሰል ነገር ያድናል። ለፋሲካ መጥቶ ሲያጫውተኝ ጥይቱን የሚሞላው ራሱ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ መሆኑን ነገረኝ። የፋብሪካው ጥይት በሰከንድ 823 ሜትር ሲሄድ የእሱ 870 እንደሚሄድ በስልኩ አሳየኝ። ጠመንጃው ሠርቲ-ኦ-ሲክስ (.30-06) የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ነው። እውነት የእጅ ሥራ ከፋብሪካ ይበልጣል? እኛስ እዚህ ልንሠራው እንችላለን?» ከለገጣፎ

የመጨረሻውን ላስቀድም፤ መልሱ አጭር ነውና። አትችሉም። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝም ማምረትም ክልክል ነው። «ለራሴ አደን ነው» የሚለው ምክንያት ፖሊስ ጣቢያ አይሠራም፤ አደኑ ራሱም በሕግ ፈቃድ ይጠይቃል። ልጁ ያለበት አገር ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ ባሩዱም ጥይት መሙያ ማተሚያውም በሱቅ ይሸጣል፣ ብዙ አዳኝም በረዶው እስኪያልፍ ማታ ማታ ጥይት ሲሞላ ይከርማል። ስለዚህ ልጁ ወግ ያምጣልዎ እንጂ ባሩድም ሆነ ቀለሃ በሻንጣው እንዳይዝ አደራ።

ሥራውን ግን ማወቅ አይከለከልም፤ ደግሞም ደስ ይላል። አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፤ የናስ ቀለሃው፣ ከቀለሃው ቂጥ የምትገባው እሳት ጫሪ ፕራይመር፣ ባሩዱ፣ ከፊት ያለው አረር። ከተተኮሰ በኋላ የሚተርፈው ቀለሃው ብቻ ነው። ከአራቱ ውድ የሆነውም እሱ ስለሆነ ሰው የተኮሰበትን ቀለሃ ለቅሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያጥበዋል፤ እሳቱ ያሰፋውን ናስ በብረት ቅርጽ ውስጥ ጨምቆ ወደ ልኩ ይመልሰዋል፤ እየተሳበ ከረዘመም አፉን ይከረክመዋል። የነደደችውን ፕራይመር ነቅሎ አዲስ ይተክላል፣ ባሩድ መዝኖ ይጨምራል፣ አረሩን በማተሚያ ልኩ ድረስ ያስገባል። ሚዛኑ የሚቆጥረው በግሬን ነው። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ደግሞ የግሬንን አንድ አሥረኛ ለይቶ ይመዝናል። ያ ማለት ሃያ የጤፍ ፍሬ ገደማ ነው። እንግዲህ ሚስቱ በሩን በከፈተች ቁጥር ነፋስ የሚገባበት ክፍል ውስጥ ይህን የሚመዝን ሰው ምን ያህል መታገሥ እንዳለበት አስቡት።

ይበልጣል ወይ ላሉት፣ በእኩልነት አዎ፣ በፍጥነት ግን ያን ያህል አይደለም። ፋብሪካው ጥይቱን የሚሠራው በዓለም ላይ ላለ ለማንኛውም የዚያ ዓይነት ጠመንጃ ነው፤ ያረጀውም የላላውም እንዲጎርሰው። ልጁ ግን የሚሠራው ለአንድ ጠመንጃ ብቻ ነው። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ከተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የትኛው ባሩድ እንደሚስማማው፣ የቀለሃው አንገት አረሩን ምን ያህል ጠብቆ እንደሚይዘው እየሞከረ ያገኘዋል። ትርፉም ጥይቶቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው። በጥንቃቄ በተሠራ ጥይት በአንዱና በሌላው መካከል ያለው የፍጥነት መዋዠቅ፣ የስታቲስቲክስ ሰዎች መደበኛ ልይይት በሚሉት ሲለካ፣ በሰከንድ ወደ 3 ሜትር ሊወርድ ይችላል። ተራ የፋብሪካ ጥይት ብዙ ጊዜ የዚህን እጥፍና ከዚያ በላይ ይዋዥቃል።

አሁን ወደ 870ው። ለልጁ ደውሉና መጀመሪያ የአረሩን ክብደት ጠይቁት። ሠርቲ-ኦ-ሲክስ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ጥይት ነው፤ ብዙ ክብደት ያለው አረር ይጎርሳል። ካርቶኑ ላይ 823 የሚጻፈው ለ180 ግሬን አረር ነው፤ ወደ 11.7 ግራም ማለት ነው። የ150 ግሬኑ ግን ከፋብሪካም 887 ሆኖ ይወጣል። ልጁ የሞላው 150 ከሆነና ከ180ው ካርቶን ጋር ካወዳደረው፣ የእሱ ጥይት ከፋብሪካው የዘገየ ነው ማለት ነው! ለነገሩ ቀላሉ አረር ቢፈጥንም ከአፈሙዝ ሲወጣ የሚይዘው ጉልበት ከከባዱ በትንሹ ያንሳል፤ 3,820 ጁል ገደማ ለቀላሉ፣ 3,950 ገደማ ለከባዱ። ሰው ፍጥነቱን እያየ ይህን ይረሳዋል።

የሞላው 180 ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ልዩ የተቀመመ ባሩድ የሚጠቀሙ አንዳንድ ፋብሪካዎች 860 ድረስ ያደርሱታል፤ እነሱ ግን ግፊቱን በመሣሪያ እየለኩ ነው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ ግፊት መለኪያ የለም። እዚያ ያለው ፍጥነት መለኪያ ብቻ ነው፤ የዚህ ሥራ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ፍጥነት ከየትም አይመጣም፣ ከግፊት ነው የሚመጣው። አንድ ዓይነት በርሜል፣ አንድ ዓይነት አረር፣ አንድ ዓይነት ባሩድ ይዞ የጥይት መሙያ መመሪያ መጽሐፉ ካሰፈረው ከፍተኛ ፍጥነት ያለፈ ሰው ስጦታ አላገኘም፤ መጽሐፉ ካሰፈረው ግፊት አልፏል። የአውሮፓው የጦር መሣሪያ ፈታኝ ኮሚሽን፣ መሥሪያ ቤቱ ቤልጅየም ያለው፣ ለዚህ ጥይት የፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 4050 ባር ነው። ጫፉ አካባቢ ደግሞ ሁለቱ እኩል አይራመዱም። ባሩዱ በጥቂቱ ሲጨመር ፍጥነቱ የሚጨምረው ትንሽ ነው፣ ግፊቱ ግን በብዙ ያሻቅባል።

ስለዚህ መለኪያዋ የጉራ መሣሪያ ሳትሆን ማስጠንቀቂያ ናት። አዋቂ ሰው ከመጽሐፉ ዝቅተኛ ልክ ተነስቶ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ይለካል፤ ፍጥነቱ መጽሐፉ ካለው ሲደርስ የባሩዱ ሚዛን ገና ቢሆንም እዚያው ያቆማል። ብዙዎች የመቀርቀሪያውን መክበድ፣ የፕራይመሯን መደፍጠጥ ወይም ቀለሃው ቂጥ ላይ የሚታተመውን የብረት ጠባሳ ጠብቀው ነው «አሁን በዛ» የሚሉት። እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ብዙ ጊዜ ልኩ ታልፏል። ያልተጠበቀ ዝቅተኛ ፍጥነትም ዝም የሚባል አይደለም። ባሩድ ያልገባበት ወይም ያነሰበት ጥይት አረሩን በርሜል ውስጥ ቀርቅሮ ሊተወው ይችላል፤ ቀጣዩን የሚተኩስ ሰው በርሜሉን ይተረትረዋል። ድምፁ «ፑፍ» ብሎ ከወጣ ቃታ መሳብ የለም፣ መቀርቀሪያውን አውጥቶ በርሜሉን በብርሃን ማየት ነው። ልጁ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ከሆነ ጎበዝ ነው። ካላወቀ ለእናቱ ንገሯት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በርሜሉ ርዝመት ስንት እንደሆነ ጠይቁት። ረጅም ከሆነ ከ870ው የተወሰነውን ያለ ጥፋት ያስረዳል። ሁሉንም ግን አያስረዳም።

«እንግዳችን አዲስ ጠመንጃና የጨዋታ ካርታ የምታህል ራዳር ይዞ መጣ። ካርቶኑ 823 ይላል፤ ካምፑ ላይ ጠዋት ስንሞክር 800 አወጣች። ሰውየው ጠመንጃው ተበላሽቷል ብሎ ቀኑን ሙሉ አኮረፈ። እኔ ደግሞ ከፍታው ነው ብዬ አስረዳሁት። ትክክል ነኝ?» ከሱሉልታ፣ የአስጎብኚ ረዳት

አይደለህም ወንድሜ፣ ግን እንግዳውም አይደለም።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የሚለካው ብዙውን ጊዜ 61 ሴንቲሜትር በሆነ መሞከሪያ በርሜል፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ 21 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የአደን ጠመንጃ በርሜል በአመዛኙ 56 ሴንቲሜትር ነው። በዚህ ጥይት በርሜሉ በ2.5 ሴንቲሜትር ባጠረ ቁጥር ከ6 እስከ 9 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከ12 እስከ 18 እዚያው ሄደ። ቀጥሎ ብርዱ። ባሌ ላይ ጠዋት ጥይቱ ሌሊቱን ከድንኳን ውጭ፣ መኪና ውስጥ አድሮ ከሆነ ባሩዱ 5 ዲግሪ ላይ ሊሆን ይችላል። ባሩድ ሲቀዘቅዝ ቀስ ብሎ ይነዳል። እንደ ባሩዱ ዓይነት ይለያያል እንጂ ለብዙዎቹ በአንድ ዲግሪ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር በሰከንድ ይጎድላል። በ16 ዲግሪ ልዩነት ከ8 እስከ 16 ነው። ደምረው። የጠፋው 23 ሜትር ተገኘ፣ ጠመንጃውም አልተበላሸም። ያው ጥይት በዚያው ሳምንት አዋሽ ቆላ ወርዶ ፀሐይ ላይ ቢሰነብት ፈጥኖ ይወጣል፤ በብርድ ልክ እስከ ጫፍ የተሞላ የእጅ ሥራ ጥይት ቆላ ሲወርድ አደገኛ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ጥይት ዳሽቦርድ ላይ የሚያስቀምጡ ሾፌሮችን ስንት ዓመት እንደተቆጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከፍታው የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው። ከአፈሙዝ ሲወጣ ያለውን ፍጥነት ከፍታ አይነካውም ማለት ይቻላል፤ በርሜል ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በሺዎች እጥፍ ይበልጣልና። ከወጣ በኋላ ግን አየሩ ይይዘዋል፤ እዚህ እኛ ጋ ያለው አየር ቀጭን ነው። እናንተ ሱሉልታ፣ እኛ ሰንዳፋ፣ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፤ አየራችን ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። በየማለዳው አስፋልቱ ዳር የምናያቸው ሯጮች ለዚሁ ነው የሚመጡት። 180 ግሬኑ አረር ባሕር ዳርቻ ላይ 200 ሜትር ሲሄድ ወደ 120 ሜትር በሰከንድ ከፍጥነቱ ያጣል፤ እዚህ የሚያጣው 90 ገደማ ነው። ስለዚህ ከፍታው እንግዳህን ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም፤ ባሌ ላይ የደጋ አጋዘን ከ3000 ሜትር በላይ ሲታደን ደግሞ ይበልጥ።

ለማኩረፍ የሚያበቃ ነገር አለ ወይ? እንቁጠረው። አረሩ 200 ሜትር ለመድረስ ሩብ ሰከንድና ትንሽ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መሬት ስባው ከበርሜሉ መስመር 33 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል። በ823 ፋንታ በ800 ቢወጣ ተጨምሮ የሚወርደው ሁለት ሴንቲሜትር አይሞላም። ከዱላ ድጋፍ ላይ እየተነፈሰ የሚተኩስ ሰው እጁ ከዚያ በላይ ነው የሚንቀጠቀጠው። 400 ሜትር ላይ ቢሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ግን በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝን አጋዘን 400 ሜትር ላይ ሆኖ የሚተኩስ እንግዳ ካለህ ችግርህ ፍጥነት አይደለም።

ካምፑ ላይ ማድረግ ያለብህ ሌላ ነው። ራዳሯን ቦርሳው ውስጥ ክተትለትና 100 ሜትር ላይ ወረቀት ስቀል። አውሮፕላን ላይ የተጣለ ሻንጣ የጠመንጃውን መነጽር ያነቃንቀዋል፤ ያ ከ23 ሜትር በሰከንድ እጅግ የባሰ ስህተት ያመጣል። የጥይቱን ካርቶን ደግሞ ማታ ድንኳን ውስጥ አሳድረው፣ ጠዋት ላይ በኪስ ይያዘው። ያኮረፈ እንግዳን ስለማስታረቅ ግን የምመክርህ የለኝም፤ ቡና ይሞከር።

«የባለቤቴ አባት የተውት በልጅግ አለ፤ ፈቃዱ ታድሷል። ጥይቶቹ ግን በቆርቆሮ ጣሳ ሆነው ከከብቶቹ በረት በላይ ካለው ቆጥ ላይ ነው የኖሩት። አንዳንዶቹ አረንጓዴ ሆነዋል፣ የሁለቱ አንገት ተሰንጥቋል። ልጄ 'ባሩዱን አውጥቼ በደህናው ቀለሃ ልገልብጠው' ይለኛል። ምን ይሻላል?» ከሆለታ፣ የቤት እመቤት

እመቤቴ፣ ዛሬ ከምመልሳቸው ሁሉ የእርስዎ ጥያቄ ይበልጥብኛል። ልጅዎ ጣሳውን እንዳይነካ ከማንበብዎ በፊት ይንገሩት፤ ከዚያ ይመለሱና ያንብቡ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ የቀለሃ ናስ ሲሠራ ተስቦ ተስቦ ስለሚቀጥን ውስጡ ውጥረት ይቀርበታል። ውጥረት ያለበት ናስ አሞኒያ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ተምሮታል። በዝናቡ ወራት ጥይቱን ባዶ የፈረስ ጋጣ ውስጥ አከማችቶ ነበር፤ ዝናቡ ሲያባራ ቀለሃዎቹ ተሰንጥቀው ተገኙ። ምክንያቱ ከፈረሶቹ ሽንት የተነሳው አሞኒያ መሆኑ በደንብ የተገለጠው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። የእርስዎ ቆጥ ከበረቱ በላይ ነው ብለዋል። ሁለቱ ጥይቶች ላይ የሚታየው ስንጥቅ በሌሎቹ ላይ ገና ያልታየ ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀ ቀለሃ ሲተኮስ ጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ዓይን መንገድ ሊያገኝ ይችላል።

አረንጓዴውን በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግም መፍትሔ አይደለም። ያቀጥነዋል እንጂ አያድነውም።

ባሩዱን ስለመገልበጥ ደግሞ፣ ጢስ አልባ ባሩድ እድሜ አለው። ሲያረጅ ራሱን እየበላ አሲድ ያለው ጋዝ ያወጣል፤ ጎምዛዛ ይሸታል፣ ቀይ ቡናማ አቧራ ይመስላል፣ በሙቀት ቦታ ከተከማቸም ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ልጁ የማያውቀው ሌላም አለ። የፋብሪካ ባሩድ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በዓይን አይለይም። ፈጣኑን ባሩድ በዝግተኛው ልክ የሞላ ሰው ጠመንጃ ሳይሆን ቦምብ ሠርቷል። እዚያ አሜሪካ ስለሚሞላው ልጅ ከላይ ጽፌያለሁ፤ እሱ የሚሠራው ስሙ ከተጻፈበት ቆርቆሮ፣ ከመጽሐፍ ጋር ነው። ከአያት ጥይት የወጣ ባሩድ ስም የለውም፣ መጽሐፍም የለውም።

የበልጅጉን ነገር ካነሱ ላይቀር፣ ከጣልያን ወረራ በፊት ከቤልጅየም የመጡት ማውዘሮች 7.9 ሚሊሜትር ናቸው። የዚህ ጥይት ቤተሰብ ሁለት ዓይነት አረር ነበረው። ከ1905 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረው የቀጠነ ነው፣ ስፋቱ 8.08 ሚሊሜትር ገደማ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው 8.20 ነው። ሰፊውን አረር በጠባቡ በርሜል የሚተኩስ ሰው ግፊቱን ሰማይ ያስነካዋል። ለዚህ ሲባል የአሜሪካ ፋብሪካዎች ይህን ጥይት ለገበያቸው ሆን ብለው አለዝበው ይሞሉታል፣ የአውሮፓዎቹ ግን በሙሉ ኃይሉ። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ተመሳሳይ ሆኖ ውስጡ ያለው ግፊት ሌላ ነው። ስለዚህ «የማውዘር ጥይት» ተብሎ የተሰጣችሁን ሁሉ እንዳትቀበሉ። ጠመንጃውን የሚያውቅ፣ ፈቃድ ያለው ጠጋኝ በርሜሉን ለክቶ ይንገራችሁ።

የድሮ ወታደራዊ ጥይት ፕራይመርም ሌላ ጣጣ አለው። ሲነድ ጨው ይተዋል፤ ያ ጨው ከአየሩ እርጥበት ስቦ በርሜሉን በቀናት ውስጥ ያዝገዋል። ዘይት አያወጣውም። ጨው የሚወጣው በውኃ ነው፤ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ይቀባል። የእርስዎ በልጅግ ውስጡ ጠቁሮና ተቦርቡሮ ከሆነ ምክንያቱ ምናልባት ይኸው ነው።

እና ምን ይደረግ? ጣሳውን በዝግታ ከቆጡ አውርደው፣ ምድጃም ልጅም የማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። ከዚያ ፈቃዱን ላደሱላችሁ ፖሊሶች ደውለው ያረጀ ጥይት እንዳለ ይንገሯቸውና መጥተው ይውሰዱት። እርስዎ ተሸክመውት በሚኒባስ አይሂዱ። እንዳይቀብሩት፣ እሳት ውስጥ እንዳይጥሉት። ጠመንጃው የቤቱ ትዝታ ነው፣ ይቀመጥ።

«ሰፈራችን ለቅሶም ሠርግም ሲሆን ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ወንድሜ 'አረሩ ሲወርድ በርዶ ነው የሚወርደው፣ ጠጠር ነው' ይላል። እኔ ግን ልጆቼን ወደ ቤት አስገባለሁ። ማን ልክ ነው?» ከሰበታ

እርስዎ። የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበሩት ጁልያን ሃቸር በ1920 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ውስጥ ውኃ ላይ መድረክ ሠርተው ይህንኑ ሞክረውታል። የሠርቲ-ኦ-ሲክስ አረር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲተኮስ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ፣ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይመለሳል። ሲወርድ አየሩ ይዞት በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ብቻ ይመጣል። ከወጣበት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ወንድምዎ የያዘው ይህችን ነው። የራስ ቅል ለመብሳት ግን 60 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይበቃል፤ የሕፃን ቅል ደግሞ ከዚያም ባነሰ። አረሩ መብረዱ ምንም አይለውጥም።

ይህም ቀጥ ብሎ ሲተኮስ ነው። ለቅሶ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚተኩስ የለም፤ ያዘነብላል። ያዘነበለ አረር አፍንጫውን ወደ ፊት እንዳደረገ ይበራል፣ ፍጥነቱን ይዞ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሰበታ ላይ ሆኖ ከሦስት ኪሎ ሜትር በኋላ ማን እንዳለ የሚያውቅ ተኳሽ አለ? ድሮ ሜዳ የነበረው ሁሉ አሁን ኮንዶሚኒየም ነው። ልጆቹን ያስገቡ፤ ቆርቆሮ ብቻ ካለው በረንዳ ይልቅ ኮንክሪት ጣሪያ ያለው ክፍል ይሻላል። ወንድምዎ መሣሪያ ካለው ሟችን በእንባ ይሸኝ።

«ፍጥነት መለኪያ ሊገዙ ያሰቡ የውጭ እንግዶች የትኛው ይሻላል ይሉናል። በብርሃን የሚሠራው፣ በርሜል ላይ የሚታሰረው ወይስ ራዳሩ? ስንት ጥይትስ ተተኩሶ ነው ቁጥሩ የሚታመነው?» ከቡራዩ

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ካወቃችሁ ምርጫው ይቀላል። በ1742 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ የተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ላይ ተኩሶ፣ እንጨቱ ምን ያህል እንደተወዛወዘ አይቶ ፍጥነቱን አሰላ፤ አረር ከድምፅ እንደሚፈጥንና አየር ሰው ከገመተው እጅግ በላይ እንደሚይዘው ያወቅነው ከእሱ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቤልጅየማዊው መኮንን ለቡሎንዤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አመጣ። ዛሬ ያሉት ሦስቱ የእነዚህ የልጅ ልጆች ናቸው።

በብርሃን የሚሠራው ርካሹ ነው። አረሩ በሁለት ዓይኖች ላይ ሲያልፍ ጥላው ሰዓቱን ያስነሳዋል፣ ያቆመዋል። ከአፈሙዙ 3 ወይም 4 ሜትር ራቅ አድርጉት፤ ከተጠጋ የባሩዱ ጢስና ንፋስ ያታልለዋል። የበጋ ፀሐይ ሲወድቅበት ቁጥሩ ይዘላል። የክረምት ደመና፣ ያ ሰው ሁሉ የሚያማርረው ግራጫ ሰማያችን፣ ለዚህ ማሽን ተስማሚው ነው። በጋ ላይ ነጭ ሽፋኑን አስጋርዱት። ደግሞ በአረር የሚሰበረውም እሱ ነው፤ ከመነጽሩ መስመር በታች ያለውን በርሜል ረስቶ ማሽኑን መሃል ለመሃል የመታ እንግዳ በየወቅቱ አይጠፋም።

በርሜል ላይ የሚታሰረው ፀሐይ አይጎዳውም፤ ግን የሚንጠለጠለው አፈሙዙ ላይ ስለሆነ አረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ያዛውራል። ስለዚህ ፍጥነትና ዒላማን በአንድ ጊዜ አይሞክሩበት። ራዳሩ ከጎን ተቀምጦ ይለካል፣ ከምንም ጋር አይነካካም፤ ዋጋው እንጂ ሌላ የሚወጣለት እንከን ትንሽ ነው። ገንዘብ ላለው ራዳር፣ ለሌለው በብርሃን የሚሠራው።

በሦስት ጥይት የተገኘ ቁጥር አትመኑ። ሦስቱ በአጋጣሚ ተቀራርበው ሰውየውን ያስፈነድቁታል፤ አራተኛው መጥቶ ያሳፍረዋል። አማካዩን ለማወቅ አሥር ይበቃል፣ መዋዠቁን ለማወቅ ሃያ ይሻላል፤ በመካከል በርሜሉ ይቀዝቅዝ። በርሜሉ ግሎ ጥይት አጉርሶ መቀመጥ ባሩዱን ያሞቀዋል፣ ቁጥሩንም ከፍ ያደርገዋል። ሙቀቱንም ከፍጥነቱ ጎን በእርሳስ ጻፉት፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። ለአደን ብቻ ከሆነ ግን አምስት ጥይት ለክታችሁ ካርቶኑ ካለው የት እንደምትወድቁ ካያችሁ በቂ ነው፤ ቀሪውን ጥይት ወረቀት ላይ ተኩሱበት።